ሐሙስ እኩለ ቀን ሆሊሩድ (የስኮትላንድ ፓርላማ)፦ የስኮትላንድ ሚኒስትሮች እንዴት ነው የሚጠየቁት፣ እኛስ በየት በኩል እንገባለን?

አንዲት በጣም የምቀርባት እህታችን የእናቷ የዓይን ሞራ ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ሲገፋ ሲገፋ ከዓመት አለፈ። ደብዳቤ ይመጣል ይራዘማል፣ ስልክ ትደውላለች "ወረፋ ላይ ናቸው" ይሏታል፣ እናቷ ደግሞ ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ እየዳበሰች ነው። በመጨረሻ ሲመራት ለንደን ላለው የፓርላማ ተወካይዋ ኢሜይል ጻፈች፣ መልሱም ቶሎ መጣ፣ ጨዋ መልስ ነው፣ ግን የሚለው "ይሄ በኔ ስልጣን ስር አይደለም፣ የስኮትላንድ ፓርላማ አባልሽን ጠይቂ" ነው። ደወለችልኝና "እዚህ አገር ስንት ፓርላማ ነው ያለው?" አለችኝ። እኔም ማስረዳት ጀምሬ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፣ ከዛ በኋላ ብዙ ሰው ይሄንኑ እንደሚጠይቅ ሳስብ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

በአጭሩ ስኮትላንድ ውስጥ ሁለት መንግስት ነው የሚያስተዳድርህ። አንዱ ለንደን ዌስትሚንስተር ያለው ነው፣ ሌላው ኤድንብራ ያለው የስኮትላንድ መንግስት ነው። በሴፕቴምበር 1997 ሕዝቡ ተጠይቆ 74.3 በመቶው የራሳችን ፓርላማ ይኑረን አለ፣ በ1998 ሕጉ ወጣ፣ በሜይ 1999 የመጀመሪያው ምርጫ ተደረገ። ሕጉ የተጻፈበት መንገድ ደግሞ ቀላል ነው፣ ለንደን ያስቀረችውን ብቻ ነው የሚዘረዝረው፣ መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ኢሚግሬሽን፣ አብዛኛው የኢኮኖሚ ጉዳይ ወዘተ። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ነገር ሁሉ ወደ ኤድንብራ ወርዷል ማለት ነው። ስለዚህ ጤና፣ ትምህርት፣ ፖሊስና ፍርድ ቤት፣ ቤት፣ አውቶቡስና መርከብ፣ ካውንስሎቹ (የአካባቢ አስተዳደሮቹ) የሚሰሩበት ሕግ፣ ይሄ ሁሉ የኤድንብራ ነው። ከ2017 ወዲህ ደግሞ ከደሞዝህ የሚቆረጠውን የገቢ ግብር መጠን እና እርከን የሚወስነውም እሱ ነው። የሆም ኦፊስ (የኢሚግሬሽን መስሪያ ቤቱ) ወረቀትህ ግን የለንደን ነው፣ እሱን ኤድንብራ ሄደህ ብትጮህ የሚፈታልህ የለም።

ይሄ ልዩነት ካልገባን ጥያቄያችን ሁሉ የተሳሳተ በር ነው የሚያንኳኳው። እህታችን ያጋጠማት እሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ፓርላማው 129 አባላት አሉት፣ ኤምኤስፒ ይባላሉ፣ 73ቱ በየምርጫ ክልላቸው የተመረጡ ናቸው፣ 56ቱ ደግሞ ከስምንት ሰፋፊ ሪጅኖች ሰባት ሰባት ሆነው የሚገቡ ናቸው። ይሄ ቁጥር ደረቅ ይመስላል ግን ትርጉሙ ትልቅ ነው፣ እያንዳንዳችን አንድ ሳይሆን ስምንት ተወካይ አለን ማለት ነው፣ አንድ የሰፈራችን፣ ሰባት የሪጅናችን። ከስምንቱ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ የገዢው ፓርቲ ሌላው የተቃዋሚ ነው፣ ስለዚህ አንዱ መንግስትን መጠየቅ ቢከብደው ሌላው ይጠይቅልሃል። ይሄን የማያውቅ ስንት ሰው አለ መሰላችሁ!

መንግስቱ የሚወጣው ከነዚሁ አባላት ውስጥ ነው፣ መሪው ፈርስት ሚኒስተር ይባላል። የቀሩት ስራቸው፣ ሕግ ከማውጣት ሌላ፣ መንግስትን መጠየቅ ነው። እዚህ ጋ ሁለተኛ ምክር ቤት የለም፣ ለንደን የሎርዶች ምክር ቤት እንዳለው አይደለም፣ አንድ ቤት ብቻ ነው፣ እሱ ካልጠየቀ ከላይ ሆኖ ደግሞ የሚያይ ሌላ ቤት የለም።

በቲቪ የምናየው የሐሙሱን ነው። በየሳምንቱ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ፈርስት ሚኒስተሩ ቆሞ ለሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ይጠየቃል። አዳራሹ ግማሽ ክብ ነው፣ ወንበሮቹ እንደ ለንደኑ ፊት ለፊት የተፋጠጡ አይደሉም፣ ሲሰራ የታሰበው ሰዎች ከመሰዳደብ ይልቅ እንዲነጋገሩ ነበር ይባላል። ከላይ ያለው የሕዝብ መቀመጫ ነጻ ነው፣ ለሐሙሱ ቲኬት ቀድሞ መያዝ ነው እንጂ ማንም ሰው ገብቶ ማየት ይችላል፣ አንድ ቀን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ገብቼ ሳይ በጣም የገረመኝ ቅርበቱ ነው፣ ሰውየው መልስ እየሰጠ ወረቀት ሲያገላብጥ ድረስ ይታይሃል፣ ትልቅ ወፍራም ፋይል አለው፣ በየርዕሱ ምልክት የተለጠፈበት፣ ጥያቄ ሲመጣ ጣቱ ምልክቱን ይፈልጋል፣ አንዳንዴ ደግሞ አያገኘውም፣ ያኔ ከአነጋገሩ ታውቅበታለህ።

እና ለምንድነው ፋይሉ የማያግዘው? ምክንያቱም ብዙው ጥያቄ ሁለት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ቀድሞ በጽሁፍ የሚገባ ነው፣ መንግስት ያውቀዋል፣ መልሱን ሰራተኞች አዘጋጅተውታል። ከዛ በኋላ ጠያቂው ተነስቶ የሚያስከትለው ጥያቄ ግን አስቀድሞ አይታወቅም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ቀዝቃዛ መስሎ ከታያችሁ አትዘኑ፣ እሱ በር መክፈቻ ነው፣ ስራው ያለው ተከታዩ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚጠይቁት የትላልቆቹ ተቃዋሚ ፓርቲ መሪዎች ናቸው፣ ከነሱ በኋላ አፈ ጉባኤው ሌሎቹን ይጠራል። አፈ ጉባኤ የሚሆን ሰው ከፓርቲው ወጥቶ ገለልተኛ መሆን አለበት።

የገዢው ፓርቲ አባላትም ይጠይቃሉ። እዚህ ጋ ግልጽ ልናገር፣ አንዳንዶቹ ጥያቄዎች ጥያቄ አይደሉም፣ "ሚኒስትሩ ይሄ ትልቅ ስኬት መሆኑን ይስማማሉ ወይ" ዓይነት ናቸው፣ ያቺ ደቂቃ ከሕዝብ ጊዜ ላይ የተቆረጠች ነች። በሌላ በኩል ደግሞ ከገዢው ፓርቲ ውስጥ ሆነው ስለ ሰፈራቸው ሆስፒታል ወይ ስለ ተዘጋ መስመር በርትተው የሚጠይቁ አሉ፣ እነሱን አከብራለሁ፣ ከራስ ፓርቲ ጋር መፋጠጥ ቀላል አይደለም።

ሐሙስ ብቻ አይደለም። ማክሰኞ የሳምንቱ አንገብጋቢ ጥያቄ አለ፣ ረቡዕ ከሰዓት ሚኒስትሮቹ በየዘርፋቸው እየተፈራረቁ ይጠየቃሉ፣ አንድ ሳምንት ጤና ሌላ ሳምንት ትምህርት እያለ ይዞራል። ድንገተኛ ነገር ከተፈጠረ አፈ ጉባኤው አስቸኳይ ጥያቄ ሊፈቅድ ይችላል።

ግን በኔ አስተያየት እውነተኛው ጉልበት ያለው ማንም በቲቪ የማያየው ቦታ ላይ ነው፣ የጽሁፍ ጥያቄ። ማንኛውም ኤምኤስፒ በፈለገው ጊዜ ጥያቄ በጽሁፍ ያስገባል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ መንግስት በተለመደው አሰራር በ10 የስራ ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፣ ፓርላማው እረፍት ላይ ከሆነ በ20። ጥያቄውም መልሱም ፓርላማው ዌብሳይት ላይ ይቀመጣል፣ እኔም አንተም ገብተን እናነበዋለን። ሐሙስ ላይ ጭብጨባ አለ፣ ጩኸት አለ፣ ዜናው ማታ ያልቃል። የጽሁፉ ግን ዝም ብሎ እዛው ቁጭ ይላል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሚኒስትሩ ሌላ ነገር ሲናገር አውጥተህ ፊቱ ታስቀምጠዋለህ።

መልሶቹን ብዙ ካነበብክ ማምለጫዎቹን ትለያቸዋለህ። አንዱ "መረጃው በማዕከል አይያዝም" የሚለው ነው፣ ማለትም ቁጥሩ በየሆስፒታሉ ወይ በየካውንስሉ ሊኖር ይችላል እኛ ጋ ግን አልተሰበሰበም። ሌላው "ይሄ የጤና ቦርዱ ውሳኔ ነው" የሚለው ነው፣ ስኮትላንድ ውስጥ በየአካባቢው ሆስፒታሎቹን የሚያስተዳድሩ 14 የጤና ቦርዶች፣ 32 ካውንስሎች አሉ፣ ስለዚህ ወደ ታች የሚገፋበት ቦታ ሞልቷል። ሦስተኛው ደግሞ ወደ ላይ መግፋት ነው፣ "ይሄ የለንደን ስልጣን ነው"። እውነት የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። ችግሩ ሦስቱም እውነት ሆነው የታመመችው እናት ግን እዛው ደረጃ ላይ ቆማ መቅረቷ ነው።

አባቶች ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይላሉ፣ ጎበዝ ጠያቂ የሚለየው እዚህ ጋ ነው። "መረጃው የለም" ሲሉት "እንግዲያው ሚኒስትሩ ይሄን ችግር የሚከታተሉት በምንድነው?" ይላል። "የቦርዱ ጉዳይ ነው" ሲሉት "ሚኒስትሩ ከቦርዱ ሃላፊዎች ጋር መጨረሻ የተገናኙት መቼ ነው፣ ስለዚህ ጉዳይስ ተነጋግረዋል ወይ?" ብሎ ይጠይቃል፣ ይሄ ሊገፋ አይችልም፣ የራሱን የሚኒስትሩን ስራ ነው የጠየቅከው፣ ቀን መስጠት አለበት። "የለንደን ነው" ሲሉት ደግሞ "ለለንደን ጽፋችኋል ወይ? መቼ? ምን አሏችሁ?" ነው። ጥያቄ አጠያየቅ እንዲህ ጠባብ በሆነ ቁጥር መውጫው ይጠባል።

ሚኒስትር ቢሳሳት ወይ ቢዋሽስ? የሚኒስትሮች የስነ ምግባር ደንብ አለ፣ እያወቀ ፓርላማውን ያሳሳተ ሚኒስትር ስልጣኑን እንዲለቅ ይጠበቃል ይላል። ሳያውቅ ከተሳሳተ ደግሞ ቶሎ ማረም ነው። በኖቬምበር 2012 የያኔው ፈርስት ሚኒስተር አሌክስ ሳልሞንድ የኮሌጆች ባጀት ጨምሯል ብለው እዛው ሐሙስ ላይ መለሱ፣ ቁጥሩ ሲታይ ግን ቀንሶ ነው የተገኘው፣ እና በዚያው ቀን አዳራሹ ተመልሰው ይቅርታ ጠየቁ። ለኔ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ አንድ የመንግስት መሪ በአንድ ቁጥር ምክንያት ቆሞ ተሳስቻለሁ እንዲል ያደረገው ቃሉ በቃለ ጉባኤው ላይ ስለተጻፈ ነው።

የማይክል ማቲሰን ጉዳይ ደግሞ ከዛ ይከፋል። ነገሩ ሲወጣ የጤና ሚኒስትር ነበሩ፣ ለፓርላማ ስራ የተሰጣቸውን አይፓድ በ2022 መጨረሻ ለእረፍት ሞሮኮ ይዘውት ሄዱ፣ የዳታ ሂሳቡ ወደ 11 ሺህ ፓውንድ መጣ፣ በፓርላማው ገንዘብ ተከፈለ። በኖቬምበር 2023 ነገሩ ሲወጣ መጀመሪያ ለስራ ነው የተጠቀምኩበት አሉ፣ ጥያቄው ሲበዛ ገንዘቡን ከኪሳቸው እከፍላለሁ አሉ፣ ቆይተውም ልጆቻቸው ኳስ ሲያዩበት እንደነበር አመኑ፣ በፌብሩዋሪ 2024 ስልጣን ለቀቁ፣ ከዛም ፓርላማው ለ27 የስብሰባ ቀን አገዳቸው። ይሄን ሰው ሲያወራ "ለ11 ሺህ ፓውንድ?" ይላል፣ አይደለም፣ ሂሳቡ ብቻውን ያን ያህል ባልሄደ፣ ነገሩን ያከበደው መጀመሪያ የተሰጠው መልስ ነው።

አሁን ጥያቄ ብዙ ተጠይቆ መልስ እንዴት እንደሚዘገይ የሚያሳየውን የመርከቦቹን ጉዳይ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ለኔ ከሁሉም በላይ አስተማሪው እሱ ነው። በ2015 ከመንግስት በኩል ፖርት ግላስጎ ላለው ፈርጉሰን ማሪን የመርከብ ፋብሪካ ሁለት የመንገደኛ መርከብ በ97 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲሰራ ውል ተሰጠ። አንዷ ግሌን ሳኖክስ ትባላለች፣ ወደ አራን ደሴት የምትሄደው፣ በ2018 ስራ ልትጀምር ነው የታሰበው። በኖቬምበር 2017 የያኔዋ ፈርስት ሚኒስተር ኒኮላ ስተርጅን በተገኙበት ውሃ ላይ ወረደች፣ ባንዲራ፣ ሙዚቃ፣ ሕዝብ፣ ሁሉም አለ። ፎቶውን ቀረብ ብላችሁ እዩት፣ ከፊት በኩል ከላይ ያሉት ጥቋቁር መስኮቶች መስኮት አይደሉም፣ ብረቱ ላይ በቀለም የተቀቡ ናቸው። መስታወቱ ገና አልገባም። የደሴቱ ሰው ይቺን መርከብ የተሳፈረባት በጃንዋሪ 2025 ነው። በመሃል ፋብሪካው በ2019 ከስሮ መንግስት ወረሰው፣ የሁለቱ መርከቦች ወጪም ከመጀመሪያው ዋጋ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ።

የፓርላማ አባላቱ ስንት ሐሙስ ጠየቁ መሰላችሁ! በማርች 2022 የስኮትላንድ ዋና ኦዲተር ሪፖርት ወጣ፣ እዛ ላይ ሁሉንም ያስደነገጠው ነገር ይሄ ነው፦ መርከብ የሚያሰራ አካል በተለምዶ ፋብሪካው ካልቻለ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ የሚመለስበት ዋስትና ይይዛል፣ እዚህ ውል ላይ ግን ያ ሙሉ ዋስትና አልነበረም፣ አሰሪው የመንግስት ድርጅትም ስጋቱን ቀድሞ ተናግሮ ነበር፣ እና ሚኒስትሮቹ ይሄን አደጋ ለምን እንደተቀበሉ የሚያስረዳ በቂ ወረቀት አልተገኘም። ወረቀት የለም! ከዛ በኋላ ጥያቄው በሙሉ ተቀየረ፣ መርከቧ መቼ ትመጣለች ማለት ቀርቶ ማን ፈረመ፣ መቼ ፈረመ፣ ወረቀቱስ የት ገባ ሆነ። በሜይ 2022 የያኔው ምክትል ፈርስት ሚኒስተር ጆን ስዊኒ ፓርላማው ፊት ቆመው የጠፋው ኢሜይል ተገኝቷል አሉ፣ የያኔው የትራንስፖርት ሚኒስትር በኦክቶበር 2015 ውሳኔውን መቀበላቸውን የሚያሳይ። ታዲያ ያ ኢሜይል ጥያቄው ባይደጋገም ኖሮ ይወጣ ነበር? እኔ አይመስለኝም።

ከሐሙሱ መድረክ ይልቅ ይሄን ጉዳይ የቆፈረው የፓርላማው የኦዲት ኮሚቴ ነው። ኮሚቴ ማለት ጥቂት አባላት ጠረጴዛ ዙሪያ ቁጭ ብለው፣ ምስክር ጠርተው፣ ወረቀት አስቀርበው፣ ሰዓት ወስደው የሚጠይቁበት ነው፣ ሐሙስ ላይ ሁለት ደቂቃ ያገኘ ሰው እዚህ አንድን ሰው ሃያ ደቂቃ ይይዛል። የ1998ቱ ሕግ አንቀጽ 23 ፓርላማው ሰው የመጥራትና ሰነድ የማስቀረብ ስልጣን ይሰጠዋል፣ በዚህ መሰረት ተጠርቶ ያለ በቂ ምክንያት አልመጣም ማለት ወንጀል ነው። የመርከቡ ጉዳይ ላይ ስተርጅን ራሳቸው በኖቬምበር 2022 ኮሚቴው ፊት ቀርበው ተጠይቀዋል። ድክመቱንም ልናገር፣ ኮሚቴዎቹ ውስጥ መቀመጫ የሚከፈለው ፓርቲዎቹ ባላቸው ቁጥር ልክ ነው፣ ስለዚህ አንድ ፓርቲ ብዙ ሲሆን፣ በ2011 ኤስኤንፒ (የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ) 69 መቀመጫ አግኝቶ ብቻውን አብላጫ ሲይዝ እንደሆነው፣ የራስን መንግስት የሚጠይቅ ሰው ቁጥር ያንሳል። ጥያቄውን የሚያጠነክረው ስርዓቱ ብቻ አይደለም፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ድፍረት ነው።

ለኛ ማህበረሰብ ቅርብ የሆነውን ደግሞ ልጨምር፣ የአውቶቡሱን። ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ሰው በ2024 በሳምንት የሚያገኘው 49 ፓውንድ ከሳንቲም ነበር፣ ከዛ ላይ አውቶቡስ መሳፈር ምን ማለት እንደሆነ ያለፈበት ያውቀዋል፣ ጠበቃ ጋ ለመሄድ ወይ እንግሊዝኛ ክፍል ለመሄድ ምግብ ትቆርጣለህ። ስኮትላንድ ውስጥ ከ22 ዓመት በታች ከ2022 ጀምሮ በነጻ ይሳፈራል፣ 60 የሞላውም እንደዛው፣ መሃል ያለው ግን አብዛኛው ይከፍላል። መንግስት ለጥገኝነት ጠያቂዎች ነጻ አደርጋለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር፣ በኦገስት 2024 የገንዘብ እጥረት ብሎ ተወው። የተለያየ ፓርቲ አባላት ተነስተው ጠየቁ፣ ድርጅቶችና ራሳቸው ጥገኝነት ጠያቂዎቹ ገፉበት፣ ፓርላማው ተከራከረበት፣ ከዛ የ2025-26 ባጀት ላይ ለሙከራ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ተመለሰ። አስተውሉ፣ ጥገኝነት ራሱ የለንደን ስልጣን ነው፣ አውቶቡስ ግን የኤድንብራ ነው። ጠያቂዎቹ "ጥገኝነት" ብለው ቢገቡ በሩ ይዘጋ ነበር፣ "አውቶቡስ" ብለው ስለገቡ ተከፈተ።

እና እኛ ምን እናድርግ? መጀመሪያ ፖስት ኮዳችሁን ፓርላማው ዌብሳይት ላይ አስገቡ፣ ስምንቱም ስም ይወጣላችኋል። ዜግነት አያስፈልግም፣ እነሱ የሚያገለግሉት እዛ የሚኖረውን ሰው ነው። ምርጫውንም ቢሆን በ2020 በወጣው ሕግ መሰረት የመኖሪያ ፈቃድ ያለው የውጭ ዜጋ፣ ስደተኝነቱ የጸደቀለትም ጭምር፣ ከ16 ዓመት ጀምሮ ለስኮትላንድ ፓርላማና ለካውንስል መምረጥ ይችላል፣ መመዝገብ ብቻ ነው። ጥገኝነቱ ገና ያልተወሰነለት መምረጥ አይችልም፣ ለተወካዩ መጻፍ ግን ይችላል። ከዚህ ሌላ የ2002 የመረጃ ነጻነት ሕግ አለ፣ በሱ ማንም ሰው በቀጥታ ሆስፒታሉን ወይ ካውንስሉን ወይ መንግስቱን ወረቀት መጠየቅ ይችላል፣ በ20 የስራ ቀን መልስ ይሰጣሉ፣ የጽሁፍ ጥያቄው "መረጃው በማዕከል አይያዝም" ሲባል በዚህ በኩል ወደየቦርዱ መሄድ ነው።

ኢሜይሉ ረጅም አይሁን። ስምና አድራሻ፣ የሆነው ነገር ከነቀኑ፣ ከዛ የምትፈልጉት ነገር በግልጽ። "እባክዎ ይርዱኝ" ብቻ ካላችሁ ለሆስፒታሉ አንድ ደብዳቤ ይጽፉላችኋል፣ ይሄም ጥሩ ነው፣ ግን "ይሄን ጥያቄ በጽሁፍ ለመንግስት ያስገቡልኝ" ካላችሁ ጉዳዩ የናንተ ብቻ መሆኑ ይቀራል።

ከእህታችን ጋር ያን ቀን ማታ ተቀምጠን ስንጽፍ ያወጣነው ይሄን ነው፦ እናቴ ቀዶ ጥገናው ከተወሰነላት ይሄን ያህል ወር ሆኗታል፣ የ2011ዱ የታካሚዎች መብት ሕግ ከ12 ሳምንት አይለፍ ይላል። የጤና ሚኒስትሩ ስለ ዓይን ቀዶ ጥገና ወረፋ ከቦርዳችን ጋር መጨረሻ የተነጋገሩት መቼ ነው፣ ቦርዱስ ምን አላቸው? ለሰፈሯ ተወካይና ለሁለት የሪጅኑ ተወካዮች ላከችው። ከሪጅኑ አንዷ በማግስቱ ደወለችላት፣ ሁለት ነገር ጠየቀቻት፣ የደብዳቤዎቹን ፎቶና የእናቷን የፈቃድ ፊርማ። ጥያቄው በዚያው ሳምንት ገባ። መልሱ ሲመጣ ቀን አለው፣ ሁለተኛው ግማሽ ግን፣ ቦርዱ ምን አለ የሚለው፣ ሳይመለስ ታልፏል፣ እና ተወካይዋ እሱን ለብቻው አድርጋ እንደገና አስገብታዋለች።